ወንድሟ የተረጎመላት ሰውዬ

ልብስ ሰፊዋ መስማት ያቆመችው በአራት ዓመቷ ነው። ትኩሳት አንድ ሳምንት ጥሏት ስትነሳ፣ እናቷ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ያሳደጋት ወንድሟ ነው ማለት ይቻላል። በስድስት ዓመት የሚበልጣት ወንድም ጋሼ በጣቶቹ አንድ ሙሉ ቋንቋ ፈጠረላት። ውሃ፣ ቁጣ፣ «ጎረቤቲቱ መጣችልሽ»፣ «ስቀልድ ነው»፣ ሁሉም የየራሱ ምልክት ነበረው። ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ እናታቸው እንኳ ከ«ነይ» እና ከ«ብዪ» አላለፈችም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ድምፅ አልባ ፊልም ያሳይ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር እሷም ከሰው እኩል ናት፤ ሌላው ሲስቅ ትስቃለች፣ ሲደነግጥ ትደነግጣለች። ከፊልሙ በፊት ግን አቅራቢው አሥር ደቂቃ ያወራል። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ክራባቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ የተጣመመ ሰው ነው፤ አገር ምድሩ «ጋሽ ዝምታ» ይለዋል። እሱ ሲያወራ ወንድም ጋሼ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉምላታል።

«ይቺ የምታለቅሰው ተዋናይት ያን ዕለት የእውነት እናቷ ታማባት ነበር ይላል። ከመሰላሉ የሚወድቀው ሰውዬ ደግሞ ከፍታ ይፈራል ይላል።»

በመጨረሻ የማይቀር አንድ ነገር ነበር፦ «ይህን ፊልም ከሁላችን አጥርተው የሚያዩት የማይሰሙት ናቸው፤ ለእነሱ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስ ይላል።»

የሰፈር ልጆች ዞር እንድትል ጠጠር ሲወረውሩባት፣ ባለሱቁ «ዱዳዋ» እያለ በአገጩ ሲጠቁማት፣ እሷ ሆዷን የምታጽናናው በዚያ ሰላምታ ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመቷ አንድ አናጢ ወደዳት። እሱም አይሰማም። የስፌት ቤቱን መደርደሪያ ሊሠራ መጥቶ የሦስት ቀኑን ሥራ ሁለት ሳምንት ጎተተው። ኋላም አክስቱን እቤቷ ላከ። ያስተረጎመው ወንድም ጋሼ ነው፤ ሌላ ማን ይችላል?

«ትፈልገዋለች ወይ?» አለች አክስት።

ልብስ ሰፊዋ በሁለት እጇ «አዎ» አለች። ወንድሟ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። የሴትዮዋ ፊት ክስም አለ፤ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

«ምን አለች?»

«የምትሰማ ሴት ነው የምንፈልገው አለች» አላት።

እውነቱን ያወቀችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ገበያ መሀል አናጢውን አገኘችው፤ ልጁን ታቅፏል። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ቁራጭ ካርቶን ላይ «ለምን እምቢ አልሽኝ?» ብሎ ጻፈላት።

ቤት ገብታ ወንድሟን አፋጠጠችው። አልካደም።

«ሁለታችሁም አትሰሙ፤ ልጅ ሲያለቅስ ማን ሊደርስለት ነው? ለአንቺው ብዬ ነው።»

እጆቿን ከጀርባዋ አጣመረች፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ለእሱ ፈታቻቸው የሚል የለም። ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያ ሆኑ። ታሞ ሲተኛ ሴት ልጁን ላከባት፤ «አባዬ ይጠራሻል» ብላ ጻፈችላት። «ሥራ አለብኝ» ብላ መለሰች። ሥራም አላጣችም። በአራተኛው ቀን ሞተ፤ ቀብሩ ላይ አልቆመችም። ልጅነቷን ከነትዝታው እርም ስትል፣ ያስቀረችው ያንን የእሑድ ሰውዬ ብቻ ነበር።

አምና ጋሽ ዝምታ ሞተ። ጣቢያው የድሮ ዝግጅቶቹን ከሥር ጽሑፍ አድርጎ ማሳየት ጀመረ። ስፌት ቤቱ ማሽኖቹን አቁሞ ቴሌቪዥኑን ከበበ፤ ልብስ ቆራጩ ገና ሳይጀመር ዓይኑን ይጠርጋል። እሷ ለማንበብ ከፊት ተቀመጠች። ጋሽ ዝምታ ብቅ አለ፤ ጽሑፉም መጣ።

«ኑ፣ ለአንድ ሰዓት ሁላችንም ደንቆሮ እንሁን!»

ቀና ስትል የሁሉም አፍ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን በቃላቸው ያውቁታል። እንባቸውን እያፈሰሱ ይስቃሉ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ማንበቧን ቀጠለች። ፊልሙ የተሠራበት ዓመት፣ የካሜራው ዓይነት፣ ፊልሙን ያሠራው ባለሀብት ፍቺ። ስለ ተዋናይቷ እናት የተባለ ነገር የለም። በመጨረሻም «በሉ ደንቆሮዎቼ፣ ሳምንት ያገናኘን» አለና የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

«ሰላምታውስ?» ብላ ለቆራጩ ጻፈችለት።

«የምን ሰላምታ?»

«ለማንሰማው የሚያቀርበው።»

ቆራጩ ራሱን እከክ አድርጎ ጻፈ፦ «ኧረ እትዬ፣ እንዲህ ብሎ አያውቅም። የወደድነው በዚህ ቀልዱ አይደል እንዴ?»

ወደ ማሽኗ ተመለሰች፤ መርፌው ሦስቴ ተሰበረባት። ያን ሁሉ ዓመት ያከበራት ወንድሟ ኖሯል። ያ ሰላምታውን የፈጠረላት እጅ ደግሞ አናጢውን የቀማት እጅ ነው። ልራራለት ስትል ገበያ ላይ ያየችው ሕፃን ፊቷ ድቅን ይላል፤ ልርገመው ስትል ደግሞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የቆመው፣ ላብ ያጠመቀው ልጅ።

እሑድ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት ልጁ ናት።

«ያኔ ሲያስጠራኝ ምን ሊለኝ ነበር?» ብላ ጻፈችላት።

ልጅቷ ጻፈች፦ «አንቺን ካስጠራ በኋላ መናገር አቃተው፣ አክስቴ። ብርድ ልብሱ ላይ እጁን ያንቀሳቅስ ነበር። ሐኪሙ እየቃዠ ነው አለን።»

«እንዴት አድርጎ? አሳዪኝ።»

ልጅቷ ቀኝ እጇን አንስታ ጣቶቿን አጠፍ ዘርጋ አደረገች። ቃል አልሆነም። «በግራው መሰለኝ» ብላ እንደገና ሞከረች፤ ይሄኛው ሌላ ሆነ። ሦስተኛው ከሁለቱም አይመሳሰልም። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻትና ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደችው። ሻርፗን አጣፍታ ወጣች። ሰኞ የምታስረክበው ስልሳ የተማሪ ሱሪ ገና ጠርዙ አልታጠፈም ነበር።