አብዱልሐሊምና የወደቡ ዘበኛ

መርሳ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ አብዱልሐሊም ልብስ መስፋት ከጀመረ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ የሙሽራ ሱፍ ያስተካክላል፣ በእጁ ሥራ ያልረካ ሰው የለም። በእሱ ዕድሜ ያሉ የሀብሩ ወረዳ ሰዎች ግን ልብስ ሰፊ ብለው አይጠሩትም። «ተርጓሚው ጋ ሱሪ አሰፋሁ» ነው የሚሉት።

ስሙ የመጣው ከቪዲዮ ቤት ነው። በዘጠናዎቹ መጨረሻ አጎቱ ሚስባህ መናኸሪያው አካባቢ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ቪዲዮ ቤት ነበረው። አብዱልሐሊም ያኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ያለ ሥራ ተቀምጧል። አጎቱ አንድ ቀን ጠርቶ፣ «እንግሊዝኛ ተምረህ የለም እንዴ? ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቁምና ለሰው ንገረው» ብሎ ማይክሮፎን አስጨበጠው።

እንግሊዝኛውን ግማሹን ይሰማል፤ ግማሹን ከተዋናዮቹ ፊት ያነባል። የፈረንጆቹ ስም ለሰው ስለሚከብድ ሌላ ስም ያወጣላቸዋል። መርማሪ ፖሊስ ሁሉ በእሱ አፍ «ሻምበል ይመር» ነበር፤ ፊልሙ ቢቀየርም ሻምበል ይመር አይቀየርም። በገበያ ቀን ከግራናም ከሌላውም ቀበሌ የመጣ ሰው በሬውን ሸጦ፣ ጨውና ቡናውን ሸምቶ፣ ወደ ቤቱ ሳይመለስ አብዱልሐሊምን ሰምቶ ይሄዳል።

ከሁሉም በላይ የተወደደው ፊልም «የወደቡ ዘበኛ» ነበር። አንድ ከበርቴ መርከብ ማራገፊያው ላይ ሞቶ ይገኛል። የወደቡ ዘበኛ ይጠረጠራል፣ ይሸሻል፣ ሻምበል ይመር ያሳድደዋል። ዘበኛው ደግ ሰው ነው። ካለችው ዳቦ ለውሻ ይቆርሳል፣ ሩቅ ላለች ልጁ ደብዳቤ ይጽፋል። ሰዉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይያዝ እንዲያመልጥ ሲመኝለት ይቆያል።

ችግሩ ሲዲው ነበር። ፊልሙ በሁለት ሲዲ የመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተጭሮ ኖሮ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘበኛው ባሕሩ ዳር እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ቀረ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰዉ ማፏጨት ጀመረ። አጎቱ ሲዲውን አውጥቶ በሸሚዙ ቢወለውለውም ያው ነው። ያን ጊዜ አብዱልሐሊም ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀጠለ።

«ሻምበል ይመር ከኋላው ደረሰ። ‹እጅህን አውርድ› አለው። ‹ገዳዩ አንተ አይደለህም። የሟቹን የወርቅ ሰዓት ከገዛ ወንድሙ ኪስ አግኝቼዋለሁ።› ይህን ሲል የዘበኛው ልጅ በአይሱዙ ተሳፍራ ከተፍ አለች።»

አይሱዙው ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም። ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እየተሳሳቀም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ በታየ ቁጥር ምስሉ እዚያው ላይ ይቆማል፤ አብዱልሐሊም እዚያው ላይ ይቀጥላል። ጥቂት ቆይቶ ጭረት መኖሩንም የሚያስታውስ ጠፋ።

በዓመቱ ወልድያ አንድ ጓደኛው ቤት ሙሉውን ፊልም አገኘ። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ሲያይ ክው አለ። ከበርቴውን የገደለው ዘበኛው ራሱ ነበር። ለልጁ በጻፈው የመጨረሻ ደብዳቤ ይናዘዛል፣ ሻምበሉም ያስረዋል። አብዱልሐሊም ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣና በሚኒባስ ወደ መርሳ ተመለሰ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማይክሮፎኑን ይዞ ቆመ፤ ሰዓቱንም፣ ወንድሙንም፣ አይሱዙውንም እንደ ወትሮው ተረከ። የወልድያውን ነገር ለማንም አልተናገረም።

ቴሌቪዥንና ስልክ በየቤቱ ሲገባ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። እሱም ስፌት ተማረ፤ የግራናዋን ለይላን አገባ፤ ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

ሰገን መርሳ የመጣችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አባቷ አቶ ወልደኪዳን ከትግራይ መጥቶ ወልድያ የከተመ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አብዱልሐሊም ጨርቅ የሚያመጣው ከእሱ ሱቅ ነው። እሷ መርሳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። በዩኒቨርሲቲ ሳለች በቴአትር የተለከፈች ናትና ወጣቶች ሰብስባ አንድ ክበብ አቋቋመች። ሥራቸው የታወቁ የወንጀል ፊልሞችን ለመድረክ ማዘጋጀት ነው። ልብሳቸውን የሚሰፋው አብዱልሐሊም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አንድ ከሰዓት፣ ዋና ተዋናዩን ፈንታውን ይዛ ልብስ ልታስለካ መጣች። አብዱልሐሊም የፈንታውን ትከሻ እየለካ፣

«የወልድያው ትርኢት እንዴት ሆነላችሁ?» አላት።

«አይጠይቁኝ ጋሼ» አለች እየሳቀች። «ገዳዩ ከመጋረጃው ጀርባ ቢላዋ ይዞ ሲወጣ አዳራሹ በሙሉ ‹ከኋላህ ነው፣ ዙር› ብሎ ጮኸ። ይኼ ደግሞ ዞረ።»

«እንዴት አልዞርም?» አለ ፈንታው። «አራት መቶ ሰው እየጠራኝ?»

«መሞት የነበረበት ሰው ሳይሞት ቀረብኝ። የቀረውን ክፍል እንዴት እንደጨረስነው እኔም አላውቀውም።»

አብዱልሐሊም ሳቀ። «የአሁኑስ ምንድን ነው?»

«‹የወደቡ ዘበኛ›። የዘበኛ ካፖርት ነው የምንፈልገው።»

ሜትሩ እጁ ላይ ቀረ። «መጨረሻውስ?» አላት።

«መጨረሻው ምስጢር ነው። እሱን በር ዘግተን ነው የምንለማመደው» አለችው።

ሰገን የወልድያ ልጅ ናት፤ ፊልሙን ያየችው በኮምፒውተር ነው። ተዋናዮቿም ለቪዲዮ ቤት ዘመን ያልደረሱ ወጣቶች ናቸው። መርሳ ይህን ፊልም በሌላ መልክ እንደምታውቀው የሚነግራት አልነበረም። ሊነግራት የሚችለው ሰው ካፖርቱን ለክቶ ዝም አለ።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ለለይላ ነገራት። እሷም ልጅ ሳለች ከወንድሟ ጋር መጥታ ያንን ፊልም አይታዋለች።

«ወንድሙ አይደል እንዴ የገደለው?» አለችው።

«እሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ለይላ እጇን ከትሪው አነሣች። «አይሱዙውንም?»

«አይሱዙውንም።»

መሳቋን መደበቅ አልቻለችም። ከዚያ ግን፣ «ለልጅቷ ቶሎ ንገራት። ሰው ፊት እንዳትዋረድ» አለችው። እሺ አለ። ካፖርቱን ሲያስረክብም ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ስለ ቁልፎቹ ተናግሮ ዘጋው።

ትርኢቱ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ከሰዓት ነበር። የመርሳ አዳራሽ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። የወንበሩን ግማሽ የያዙት ጎልማሶች ናቸው፤ የድሮ ፊልማቸውን ሥጋ ለብሶ ሊያዩ የመጡ። ከፊት ጋሽ ዘውዱ ተቀምጠዋል፤ አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መጋረጃው ሲከፈት ካርቶን መርከቡን አይተው፣ «እንዲህ ተጠግቶ አይቆምም» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። አብዱልሐሊም አራተኛው ረድፍ ላይ ከለይላ ጎን ተቀምጧል።

ጨዋታው ደመቀ። ፈንታው ዳቦውን ለማይታየው ውሻ ሲቆርስ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። መርማሪው ሲገባ ከኋላ፣ «ሻምበል ይመር መጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በጽሑፉ ላይ ግን ስሙ ሌላ ነበር። ተዋናዮቹ ግራ ተጋቡ እንጂ አላቋረጡም። በመጨረሻም ፈንታው መድረኩ ጫፍ ቆሞ ደብዳቤውን አውጥቶ አነበበ።

«ልጄ፣ ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

አንዱ ከመሃል፣ «ተሳሳተ» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ፈንታው ያልተሰማለት መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አሁን ጉምጉምታው ተነሣ። አትክልት ነጋዴዋ እትዬ አለሚቱ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣

«ልጄ፣ ያልሠራኸውን ለምን በራስህ ላይ ታመጣለህ?» አሉት።

ፈንታው ደብዳቤውን እንደያዘ ወደ መጋረጃው ዞሮ ተመለከተ። ሰገን ወጣች።

«እባካችሁ፣ ፊልሙ እንዲህ ነው የሚያልቀው። እኛ አንድም ነገር አልለወጥንም» አለች።

ጋሽ ዘውዱ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ ይህን ፊልም ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። ገዳዩ ወንድሙ ነው። አክተሩ እንዴት ገዳይ ይሆናል?» በቪዲዮ ቤት ቋንቋ «አክተር» ማለት ሰው የሚወደው ዋናው ባለ ታሪክ ነው፤ አክተር አይሞትም፣ ወንጀል አይሠራም። «ተርጓሚው ይኸው ተቀምጧል። እሱ ይናገር» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ አራተኛው ረድፍ ዞረ። ሰገንም ዞረች። አብዱልሐሊም ተነሣ።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ልክ እሷ ናት» አለ። «ያን ጊዜ ሲዲው ተጭሮ ነበር። መጨረሻውን እኔም አላየሁትም። እናንተ ስታፏጩ ጊዜ ከራሴ አወጣሁት።»

ተናግሮ ተቀመጠ። ለይላ አላየችውም፤ ዝም ብላ ወደ ፊት ነው የምታየው። እንደገና ተነሣ።

«ሌላም አለ። በዓመቱ እውነተኛውን ወልድያ አየሁት። አይቼም አልነገርኳችሁም። ወላሂ፣ እያወቅሁ ነው የዋሸኋችሁ።»

«ለምን?» አሉት ጋሽ ዘውዱ።

«ስትወጡ በሩ ላይ ቆሜ ፊታችሁን አይ ነበር። አንቱ ራስዎ ያን ፊልም ያዩ ቀን እየዘፈኑ ነበር ወደ መኪናዎ የሚሄዱት። ያን ማጣት አልፈለግሁም።»

ጋሽ ዘውዱ ቀስ ብለው ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «በሉ ቀጥሉ። አሥራ ስምንት ዓመት ሳናውቀው ኖረናል፣ እንየው» አሉ።

ፈንታው ደብዳቤውን ከመጀመሪያው አነበበ። በዚህኛው ያሳለ ሰው እንኳ የለም። ዘበኛው ከበርቴውን ለምን እንደገደለ፣ ውሻውን ሲያበላ ምን ያስብ እንደነበር ሁሉ ተነገረ። እጁ ሲታሰር እትዬ አለሚቱ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። መጋረጃው ተዘጋ። ጭብጨባው ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ ድረስ ነበር።

ጭብጨባው ሳይበርድ ግን አንዱ ከኋላ፣ «አሁን ደግሞ የእኛን» አለ። ሌላው ተቀበለው። በአንድ ጊዜ አዳራሹ «የእኛን፣ የእኛን» ይል ጀመር።

ሰገን ከመጋረጃው ወጥታ እጇን አጣምራ ቆመች። የተቆጣች የመሰላቸው ነበሩ፤ እሷ ግን አብዱልሐሊምን በእጇ ጠራችው። መድረክ ላይ ወጣ። ማይክሮፎን አቀበሉት። ተዋናዮቹ ምን እንደሚሠሩ አያውቁም፤ እሱ እየነገራቸው ነበር የሚሠሩት። «ሻምበል ይመር ከኋላው ደረሰ» ሲል መርማሪው ሮጦ ደረሰ። «ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ» ሲል የሟቹን ወንድም የሚሠራው ልጅ ሰዓት ስላልነበረው ስልኩን አወጣ። «ልጁ በአይሱዙ ከተፍ አለች» ሲል ደግሞ የሚመጣ ጠፋ፤ በክበቡ ውስጥ የልጅቷን ቦታ የሚይዝ አልነበረም። ሰገን ራሷ መኪና እንደሚነዳ ሰው እጇን እያዞረች ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች። ጋሽ ዘውዱ በሳቅ ብዛት ከዘራቸውን ጣሉ።

በማግሥቱ ሰገን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሱቁ መጣች። አብዱልሐሊም ከስፌት መኪናው ላይ ተነሥቶ ቆመ።

«ልትቆጪኝ ይገባል» አላት።

«ቤት ስገባ ተቆጥቼ ነበር» አለች። «አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ጠዋት ላይ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ጋሼ፣ እኔ ሰው መቼ እንደሚስቅ፣ መቼ እንደሚፈራ የማውቀው አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ነው። እርስዎ ግን አስቀድመው ያውቁታል። ከእኛ ጋር ይሥሩ።»

እሺ ለማለት ጊዜ አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። «እዚህ ጋ ሰዉ ይጮሃል፣ ቶሎ አትናገር» ይለዋል ፈንታውን። «እዚህ ጋ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ ጠብቃቸው።» አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

ሁሌም ግን አይደለም። ወልድያ ላይ ተማሪዎቹ ፊልሙን በስልካቸው አይተውት ኖሮ ደብዳቤውን ከፈንታው እኩል በቃላቸው አሉት። ሐራ ላይ ደግሞ የትኛውንም መጨረሻ የሚያውቅ አልነበረም። እዚያ ሰዉ ይደነግጣል ብሎ አብዱልሐሊም ሲጠብቅ፣ ዘበኛው ሲናዘዝ አንድ ገበሬ ለጎረቤቱ፣ «ጠርጥሬ ነበር። ሰውየው በሞተበት ቀን የወደቡን መብራት ያጠፋው እሱ ነው» አለው ረጋ ብሎ። አብዱልሐሊም ይህን ሰምቶ ለቀናት ተገረመ። ፊልሙን ስንት ጊዜ ተርጉሞ መብራቱን ልብ ብሎት አያውቅም።

ግራና ላይ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሲጫወቱ የመርከቡን ካፒቴን የሚሠራው ልጅ ታመመና አብዱልሐሊም ተተካ። ንግግሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ገመዱን ፍቱት፣ እንሄዳለን» ብሎ ይወጣል። የለይላ አባት ሐጂ ዓሪፍ አማቻቸው የሚሠራውን ሊያዩ ሁለቱን የልጅ ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ሲጨርሱ ሰላም ሊላቸው ሄደ።

«እንዴት አዩት፣ አባባ?» አላቸው።

«ማሻአላህ፣ ድምፅህ ደኅና ነው» አሉት። «ብቻ ገና ደኅና አድርጌ ሳላይህ ወጣህ።»

ይህን ለለይላ እየነገራት፣ ልጆቹን አስከትለው በእግራቸው ወደ አባቷ ቤት ሄዱ።