ሙና የነገረቻቸው ዝግባ

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና አንድ መስታወት ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። የመስኮቴን ልክ ሰጥቼ እየጠበቅኩ። ሰውየው ሰፊውን መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ መቁረጫውን ከማስመሪያው ጋር አስጠግቶ ወደ ራሱ ሳበው። ያ ድምፅ ወጣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያሳክክ። ከዚያ ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ ቀጭ አደረገው። ዙሪያውን ስመለከት የምቀመጥበት ነገር አልነበረም እንጂ ቁጭ ብል ደስ ባለኝ። አክስቴ ሙና እዚያው መንገድ ላይ፣ አሁን የስልክ መሸጫ በሆነ ቤት ውስጥ፣ አምስት ዓመት መስታወት ቆርጣለች።

ሙና የእናቴ የመጨረሻ ታናሽ እህት ናት። እኛ ጋ፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ነበር የምትኖረው፤ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የምትተኛው። ያኔ እሷ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ እኔ ዘጠኝ። ማታ ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት ሻርፗን አውልቃ ደጅ ታራግፈዋለች፣ ብናኙ አልጋችን ላይ እንዳይቀር። ከጣቶቿ ጫፍ ፕላስተር አይጠፋም። መቁረጫው ነጭ ጋዝ ውስጥ እየተነከረ ስለሚሠራ ልብሷ ሁልጊዜ ጋዝ ጋዝ ይሸት ነበር። እስካሁን ድረስ ያ ሽታ አንድ ቦታ ሲያጋጥመኝ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።

ቀስ ብላ የምትናገር፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሰው ነበረች። እናቴ «አንቺን ታክሲ አይጠብቅሽም» እያለች ትቀልድባት ነበር። ግን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማንም አይቀድማትም። ገና ሳይነጋጋ ተነስታ፣ ሰማያዊ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ወልቂጤ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ለመሳፈር አየር ጤና ትወርዳለች። የምትሄደው ወደ እናቷ ነው። አያቴ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ፣ በእንሰት የተከበበች ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ዓይናቸው አያይም።

የዓይናቸው ነገር የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። የዓይን ግፊት ነው ተብሎ አዲስ አበባ መጥተው ሁለት ወር እኛ ቤት ተቀምጠው ታክመዋል። በመጨረሻ ሐኪሙ ዘግይቷል አላቸው። እናቴ እዚሁ ይቅሩ ብላ ብትለምን፣ «እኔ ከደጄ አልነቃነቅም» ብለው እምቢ አሉ። ሙና ይዛቸው ተመለሰች። አውቶቡሱ ሲነሳ አያቴ እጇን ያዙና «የምታዪውን ንገሪኝ» አሏት። ሙና መንገዱን ሙሉ ነገረቻቸው። ሰበታን፣ የወሊሶን ፍራፍሬ ሻጮች፣ ዳር ዳር የቆሙትን ከብቶች።

ከዚያ ሰፈር ደረሱ። እዚያ በቤቶቹ ፊት ለፊት ጀፎረ የሚሉት ሰፊ የሣር ጎዳና አለ። የጀፎረው መታጠፊያ ላይ አንድ ትልቅ ዝግባ ነበር፤ አያቴ ሙሽራ ሆነው ሲመጡ የተቀበላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከደጃፋቸው ቆመው ከሩቅ ሲያዩት የኖሩት ዛፍ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ «ዝግባው ጋ ደረስን?» አሉ። ሙና ቀና ስትል ዛፉ የለም። እነሱ አዲስ አበባ ሳሉ ተቆርጧል። ሙና ግን «አዎ፣ ደረስን እማ» አለች።

ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ሙና ናት ከብዙ ጊዜ በኋላ የነገረችኝ። ያቺ አንዲት ቃል በየሁለት ሳምንቱ የምትቀለብ ሆነች። አያቴ ስለ ዝግባው ይጠይቃሉ፣ ሙና ታወራለች። ወፎች ጎጆ ሠሩበት፣ ዝናቡ አጠበው፣ ልጆች ገመድ አስረው ዥዋዥዌ ተጫወቱበት። ሰፈርተኛውን ቤት ለቤት ዞራ ለምና ዝም አሰኝታለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በዚያ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሙና እኔንም ይዛኝ ሄደች። የመስኮቱን ወንበር ለእኔ ለቀቀችልኝ። ዓለም ገናን እንዳለፍን «ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ዛፍ።»

«ዛፍ አይበቃም። አያትሽን ዛፍ ስትያቸው ምን ያደርጉበታል? ምን ዓይነት ዛፍ? ሥሩ ማን አለ?»

እንደገና አየሁ። «ባሕር ዛፍ። ሥሩ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ጃንጥላው አንድ ጎኑ ተሰብሯል።»

«አየሽ» አለች፣ ራሷን ወደ ኋላ አስደግፋ። «አሁን እሳቸውም ያዩታል።»

ያ መንገድ ዛሬም እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ። ተፍኪ ላይ ሜዳው በሙሉ ውኃ ሆኖ ነበር። ሰማዩ ከታችም ከላይም ነበረ፤ በመሐል አውቶቡሳችን ብቻ ይሄዳል። ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ደመና ላይ የቆሙ መስለው ውኃው ውስጥ ቆመዋል። አንድ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ፈረሱን ይዞ ያቋርጣል፣ ከሥሩ ሌላ ሰውና ሌላ ፈረስ ተዘቅዝቀው አብረውት ይሄዳሉ። ሾፌሩ የከፈተው መንዙማ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ተደባልቋል። ሙና ትከሻዬ ላይ እጇን ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ «እህ» ትላለች። የሆነ ቦታ ላይ የምነግራት ነቅቼ ይሁን ተኝቼ መለየት አቃተኝ።

አያቴ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ፊቴን በሁለት መዳፋቸው ዳሰሱትና «አድገሻል» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሙና ቢጫውን ጀሪካን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። እኔና አያቴ ደጃፉ ላይ ቦሎቄ እንፈለፍል ነበር። መንገዱን ነገርኳቸው፤ ጃንጥላውን፣ የውኃውን ፈረስ። ፈገግ እያሉ ሰሙኝ።

«ዝግባውን ስታልፉ ወፎቹ ነበሩ?» አሉኝ።

«የቱን ዝግባ እምዬ?»

«የጀፎረው መታጠፊያ ላይ ያለውን ነዋ። ትልቁን።»

ጀፎረውን ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል ስለመጣሁ እርግጠኛ ነበርኩ። «እዚያ ዛፍ የለም። ጉቶ ነው ያለው። ሰፊ ጉቶ። ላዩ ላይ የፍየል ግልገል ቆማ ነበር፣ ነጭ፣ አንድ ጆሮዋ ጥቁር።»

ግልገሏን በመጨመሬ ኮርቼ ነበር። የአያቴ ጣቶች የቦሎቄው ልጣጭ ውስጥ እንደገቡ ቆሙ።

ሙና ጀሪካኑን ተሸክማ ስትገባ አያቴ ፊታቸውን ወደ ኮቴዋ አዞሩ። «ሙና፣ ዝግባው መቼ ነው የተቆረጠው?»

ሙና ጀሪካኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። እኔን አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች።

«ያኔ አዲስ አበባ ሆነን ነው» አለች።

«ሁለት ዓመት?»

«ሁለት ዓመት።»

አያቴ በዚያን ቀን እህል አልቀመሱም፣ አልተናገሩም። እኔ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ በውል ባይገባኝም ማጥፋቴ ገብቶኝ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። ሙና «አንቺ ያየሽውን ነው የተናገርሽው» ብላ ፊቴን በሻርፗ ጠረገችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት አያቴ ነጠላቸውን ለብሰው ቆመው አገኘናቸው። «ውሰጂኝ» አሏት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጥሩ አልፈው አያውቁም። ሙና በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆነን ያዝናቸው። ሣሩ ርሷል፣ ጉም አለ፤ ራቅ ያሉት ቤቶች ጣሪያቸው ብቻ ነው የሚታየው። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶ አንገቱን ይደፋል። ጉቶው ጋ ስንደርስ አያቴ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ዳር ዳሩን፣ መሐሉን፣ የተሰነጠቀበትን። ከዚያ ዞረው ተቀመጡበት።

«ማን ቆረጠው?»

«ነፋስ ሰንጥቆት ነበር እማ። ልጆች የሚያልፉበት ስለሆነ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጣለው።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?»

«ያን ቀን ሐኪሙ የነገረሽ ይበቃሻል ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሌላስ? ሌላ የደበቅሽኝ አለ?» አሉ።

እኔ አውቅ ነበር። ነስሩ የሚባል ሰው አለ። አዲስ አበባ ሲማር ለተከራየው ክፍል መስታወት ሊያስቆርጥ ገብቶ ነው የተዋወቁት፤ አሁን ጅማ አስተማሪ ሆኗል። ባትሪ ባላት ትንሽ ስልኳ ምሽት ምሽት ግድግዳውን ተደግፋ ታወራዋለች። ትናንት የሆነውን አስቤ ከንፈሬን ነከስኩ።

«ሰው አለ» አለች ሙና በመጨረሻ። «ጅማ ነው ያለው። እንጋባ ካለኝ ዓመት ሆነው። እኔ ነኝ ቆይ የምለው።»

«ለምን?»

«ቅዳሜሽን ለማን ልስጠው?»

አያቴ ጉቶውን በመዳፋቸው አበሱ። ጉሙ ውስጥ የሆነ ቦታ ሰው ከብት ይጣራል። ከዚያ «መልኩን ንገሪኝ» አሉ። «እንደ ዝግባው እንዳታደርጊው ግን።»

ሙና እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ልል አልችልም። «ረጅም አይደለም» አለች። «ጆሮው ትልልቅ ነው። የፊት ጥርሱ ላይ ክፍተት አለ። ቁጣ አያውቅም፣ ግን ሲያኮርፍ ሦስት ቀን ነው። ሰው ሲያወራው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነው የሚሰማው።»

«ይሄስ እውነት ነው» አሉ አያቴ። «እንዲህ ያለ ባል ፈጥሮ የሚያወራ የለም።» አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ለመነሳት እጃቸውን ወደ እኛ ሲዘረጉ፣ «እኔ ዛፍ አይደለሁም። ተነስቼ መሄድ እችላለሁ» አሉ።

ክረምቱ ሲወጣ አያቴ ኮልፌ መጡ። ኒካሁ እኛው ቤት ታሰረ። ነስሩን አያቴ ፊቱን ዳስሰው፣ ጆሮው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሙና በሳምንቱ ጅማ ሄደች። አልጋው ላይ የእሷን ቦታ አያቴ ያዙ፣ ዘጠኝ ዓመት።

ሁልጊዜ ደስ እያለኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ጓደኞቼ ከትምህርት ቤት መልስ ሠፈር ሲዞሩ እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ ምን እንደተሰጣ ለአያቴ አወራለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ሙና ላይ ተናድጄ ስልክ ስትደውል አላነሳም ነበር። ሄዳ የእሷን ሥራ ለእኔ ጥላብኝ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ ያረፉት ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ነው። ሙና ሦስት ልጆቿን ይዛ መጣች። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ የእናቷን ልብስ እያጣጠፍን ሳለ አንዱ ኪስ ውስጥ ማስቲካ አገኘች። ደነገጠች። «እማ ማስቲካ ትበላ ነበር?» አለችኝ።

«የሚጣፍጠው ሲያልቅ መትፊያ ወረቀት አምጪ ይሉኝ ነበር። ማንም እንዳያይ።»

ሙና ማስቲካውን መዳፏ ላይ አገላበጠችው። «አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያታለሽ» አለች።

እውነቷን ነው። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ፊታቸውን ወደየት እንደሚያዞሩ፣ በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ፣ በእንቅልፋቸው በጉራጊኛ ማንን እንደሚጠሩ የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ሙና ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ያንን ሁሉ እሷም ትፈልገው እንደነበር ይገባኛል። አያቴን ለእኔ ትታልኝ ሄደች፤ ዘጠኙን ዓመት ግን እሷ አላገኘችውም።