ሦስት ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ

ሰቆጣ፣ ደጄ ላይ፣ እስከ ወገቡ የቀበርኩት የውሃ ጋን አለ። እናቴ ክረምቱን በሙሉ ከዚህ ጋን አንዲት ጉንጭ አልቀመሰችም። ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። በየማለዳው ትንሿን ጀሪካን ይዛ ቦኖ ትሰለፋለች። "ደጃፍሽ ላይ ውሃ ሞልቶ ምን ያንከራትትሻል?" ስላት፣ "እግሬን ላፍታታ ብየ ነው" ትለኛለች። እኔም አመንኳት። ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ስለሆንኩ፣ ሌላውም ሁሉ እንደ እኔ አንድ ቦታ የማይረጋ ይመስለኛል።

የእናቴ አገር አበርገሌ ነው፤ ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላ፣ የፍየልና የማሽላ አገር። ተኩሱ መንደሯ ሲደርስ ሁለት ፍየሎች እየነዳች፣ የቤቷን ቁልፍ ማተቧ ላይ አስራ እኔ ዘንድ መጣች። አሁን ተኩሱ በርዷል። ጎረቤቶቿ አንድ ሁለት እያሉ ተመልሰዋል። እሷም በየቀኑ "መቼ ነው የምትሸኚኝ?" ትላለች። እኔ እንድትሄድ አልፈለግሁም። ቤቷ ቆርቆሮው ተነቅሎ ተወስዷል፤ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ አጠገቧ ማንም የለም። ልጅነቴን ሙሉ ያጣኋትን እናት በስተርጅናዋ ለቆላ ልስጥ? እምቢ አልኩ። "ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" ትላለች፤ "ማን ጫነሽ?" እላለሁ። እንዲህ ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው።

አባቴ ወታደር ነበር፤ ከምሥራቅ ግንባር አልተመለሰም። እንደ እኔ ያሉ የወታደር ልጆች ተሰብስበን ኩባ ስንላክ እናቴ "ትማርልኝ" ብላ አውራ ጣቷን አትማ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ከዋናው ምድር ራቅ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ኋላ የእንስሳት ሕክምና ለመማር ካማጉዌይ ወደምትባል ከተማ ሄድኩ፤ ዙሪያዋን የከብት አገር ነው። ወደ አገሬ ስመለስ ስፓኒሽ እንደ ውሃ ይወርድልኛል፤ የእናቴ ቋንቋ ኽምጣኛ ግን ጠፍቶኛል። እናቴ አቅፋኝ እያለቀሰች የምትለው አልገባኝም ነበር። በአማርኛ፣ እሷም እኔም እየተደናበርን፣ ቀስ በቀስ ተግባባን። ዛሬም ስትቆጣኝ በኽምጣኛ ነው፤ እኔም ስናደድ በስፓኒሽ እመልሳለሁ።

ታዲያ ክርክሩን በምን ላሸንፍ? በዚያች በካማጉዌይ ታሪክ። አመሻሽ ላይ እሷ ምስር ስትለቅም፣ እኔ ወዲያ ወዲህ እያልኩ እተርክላት ጀመር። ከስፔን በመርከብ የመጡ ሰዎች ከተማዋን መጀመሪያ የቆረቆሯት በባሕሩ ጠረፍ ነው። ትንኙ አላስቀምጥ፣ መሬቱ አላበቅል ሲላቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ መሀል አገር ገቡ፤ አንድ ወንዝ ዳር እንደገና ቆረቆሯት። እዚያም ተቃጠለች። ለሦስተኛ ጊዜ በሁለት ወንዞች መሀል ሰፈረች፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለች።

"ማነው ያቃጠላት?"

"የአገሩ ሰዎች። በግድ እያሠሯቸው ነበር።"

"እሰየው!" አለች፣ ጠጠር እየለቀመች።

"እማየ፣ ነገሩ እሱ አይደለም። ከተማ እንኳ ሁለቴ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይኖራል ነው የምልሽ።"

"ሲነሡ ሙታናቸውን ይዘው ነው?"

ይህን አስተማሪዎቼ አልነገሩኝም።

በሌላ ቀን ስለ ባሕር ወንበዴዎቹ አወራኋት፤ ከጠረፉ ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው እንደ መጡ፣ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘግተው "ያላችሁን አምጡ" እያሉ በረሃብና በጥም እንደ ቀጡት። መንገዶቿ እንደ ፍየል አንጀት የተጠማዘዙ ናቸው። ወንበዴ ቢገባ መውጫው እንዲጠፋው ሆን ተብሎ ነው ይላሉ፤ የለም፣ ሁሉም እንዳሻው ስለ ሠራ ነው የሚሉም አሉ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ዳቦ ገዝቼ ወጥቼ፣ ሦስት ጊዜ ዞሬ እዚያው ዳቦ ቤት በር ላይ ተገኝቻለሁ። ከአፍሪካ በሰንሰለት ተጭነው ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ ስላለቁትም ነገርኳት። በመጨረሻ የስፔን አገዛዝ ሲያከትም የድሮው ስም ተነሥቶ የጥንቶቹ ባላገሮች ስም ተመለሰላት አልኳት፤ ይሄ እንኳ ደስ ይላታል ብዬ።

"ባላገሮቹስ?"

"አብዛኞቹ አልቀዋል።"

"እህ። ሰውየውን አጥፍቶ በስሙ መጠራት" ብላ ሰፌዱን አራገበች። እናቴን በታሪክ ማሸነፍ እንደማይቻል ያን ጊዜ መረዳት ነበረብኝ።

የጋኑም ነገር የመጣው ከዚያችው ከተማ ነው። ወንዞቿ ስለማያጠግቧት ሰዎቿ የጣራውን ውሃ በግዙፍ የሸክላ ጋን ያጠራቅሙ ነበር፤ እስከ ግማሹ የተቀበረ ጋን በየግቢው ታያለህ። ሰቆጣ ውሃ በፈረቃ ሲሆንብኝ ይኸው ትዝ አለኝና፣ ከገበያ ትልቅ የጠላ ጋን ገዝቼ አሸንዳው ስር ቀበርኩት። የእኔ ሰፈር ግን ጋን ሲቀበር የሚያውቀው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ሁሉም ከዘራፊ ለመሸሸግ እህሉንና ልብሱን በጋን አድርጎ ቀብሯል። በነጋታው ጎረቤቴ እየተንደረደረች መጥታ "ምን ሰማሽ? ሊመለሱ ነው?" አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ግቢ ውስጥ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። "ለዝናብ ውሃ ነው፣ ለዝናብ!" እያልኩ ሰፈሩን በየቤቱ ዞርኩ።

እናቴ ያን ቀን ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ደስ ቢለኝ የከተማዋን አባባል ጨመርኩላት። "ከጋኑ ውሃ የጠጣ እዚያው ይቀራል፤ ቢሄድም ይመለሳል ይላሉ።" ሳቋ ቆመ። እኔ ልብ አላልኩም፤ ወሬዬን ወደ ከብቶቹ አዞርኩ።

በጳጉሜ አንድ ቀን ቦኖው ሳይከፈት ዋለ። እናቴ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ከጋኑ በጣሳ ቀድቼ ሰጠኋት። ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው። የጠላው ሽታ እንዳይቀርበት ሳልቀብረው በፊት ጋኑን በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ነበር፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለቴ። በስፓኒሽ ጮህኩባት። እሷ ግን በኽምጣኛ አልመለሰችም፤ እንዲገባኝ ብላ በአማርኛ ቀስ ብላ ተናገረች።

"የጠጣ ይቀራል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

"እማየ! ተረት እኮ ነው!"

"ሌላውን ሁሉ እውነት ነው ስትይኝ ከርመሽ፣ ይሄን ብቻ ተረት አደረግሽው? ያኔ ስትሄጂ ከምንጫችን አጠጥቼ ነው የሸኘሁሽ። መጣሽልኝ። እኔም የጠጣሁት እሱን ነው። አንድ ሰው ስንት ቦታ ይቀራል?"

ጣሳውን ከመሬት አነሣሁ። "አንቺስ ከዚያ ከተማ ጋን ጠጥተሻል?" አለችኝ።

"ጠጥቻለሁ።"

"ተመልሰሻል?"

"አልተመለስኩም።"

"ለዚህ ነዋ መቀመጥ ያቃተሽ።"

ወጥቼ አጥሩ ስር አለቀስኩ። ለራሴም አለቀስኩ፤ የበለጠ ግን አፈርኩ። ወንበዴዎቹ ሰው ዘግተው አስጠሙ እያልኩ ሳወራ፣ እናቴን ደጄ ላይ በጥም ይዣት ከርሜአለሁ። በማግስቱ ስለ ጉዞው ጠየቅሁ፤ ለጣራዋም ቆርቆሮ ገዛሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ወደ አበርገሌ የሚወርድ አይሱዙ ተገኘ። ቆርቆሮው ተጫነ፤ አራት የሆኑት ፍየሎቿም ተጫኑ። ሹፌሩ "እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንድረስ" አላት። እሷ ግን ወደ ግቢው ተመለሰች። ቁልፏን የረሳች መስሎኝ ነበር፤ ቁልፉ ማተቧ ላይ አለ። ተከትያት ጋኑ አጠገብ ስደርስ "ጣሳ አምጪ" አለችኝ።

ራሷ ጎንበስ ብላ ቀዳች። ቆማ፣ ሳታርፍ፣ እስከ ጭላጩ ጠጣችው።

"ቢሄድም ይመለሳል ነው አይደል ያልሽኝ?"

"አዎ፣ እማየ።"

"ወይራው በዝቶበታል" አለችና ጣሳውን አስጨብጣኝ ወደ መኪናው ሄደች።