ጋሽ ማነህ የሠራው የዶሮ ቤት

ጋሽ ማነህ ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካ ዘበኛ ነበር። "ማነህ? ወዴት ነህ? መታወቂያ!" ሲል ስለኖረ ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ጡረታ ወጥቶም አልተወው፤ ሚስቱ ልብስ አስጥታ ስትመለስ እንኳ ጉሮሮውን ጠርጎ በር ላይ ይቆማል።

አሁን ያስጨነቁት ግን አራት ቄብ ዶሮዎች ናቸው።

ሚስቱ እህቷ ከሞተችባት ወዲህ አልጋ ላይ ቀርታ ነበር። ብዪ ቢሏት እምቢ፣ አውሪ ቢሏት እምቢ። ከዚያ አልጋ ያስነሳት ዶሮ ነው ቢባል ማን ያምናል? ጎረቤት የሰጠቻትን ዶሮዎች ልትመግብ ጓሮ መውጣት ጀመረች። "አንቺ ሆዳም፣ አንቺ ቀላዋጭ!" እያለች ስትሰድባቸው እሱ በመስኮት እየሰማ ይስቃል። አንድ ቀን ጠዋት ስትወጣ ግን ያገኘችው ላባ ብቻ ነው። ሸለምጥማጥ በሽቦ አጥሩ ሥር ምሶ ገብቶ አንዷንም አልማረም። ላባውን ጠርጋ ስትጨርስ ገብታ ተኛች።

ጋሽ ማነህ አራቱን ቄቦች ያመጣው ለዚህ ነው። አመጣና ማለ፦ "ከእንግዲህ ጉንዳን ያለ ፈቃድ አትገባም!"

ከፈረሰ ቤት አሮጌ ቆርቆሮ ለቃቀመ፣ ጉልበቱ ድረስ ቆፍሮ ዙሪያውን ድንጋይ ቀበረ። ጎረቤቱ አናጢ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ።

"ጋሼ፣ ድንጋዩስ ደግ ነው። ጎኑን ግን ሽቦ አድርገው፣ ወፍራሙን። ንፋስ ይፈልጋሉ።"

"ሽቦ? ጉድ የሠራኝ ሽቦ አይደል እንዴ!"

"ጉድ የሠራህ መሬቱ ነው። ሽቦው ምን አደረገህ?"

"ስማ፣ አንተ ወንበር ነው የምታውቀው። እኔ በር ነው የማውቀው። ቀዳዳ ካለ ሌባ አለ።"

"ታዲያ እስር ቤት ነው የምንሠራው?"

"መዶሻውን አቀብለኝና ዝም በል!"

አራቱንም ጎን በቆርቆሮ ከደነው። የቀረችውን ስንጥቅ በጨርቅና በጭቃ ደፈነ። ትልቅ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት። ዶሮዎቹ የሚንጎራደዱበት በአጥር የታጠረ ቦታም ነበር፤ ግን እሱ ቆሞ ካልጠበቀ አይወጡም። ሚስቱ ከአልጋዋ ተነስታ እህል ስትበትን ያየ ቀን ደረቱ ሁለት ክንድ ሰፋ።

ከዚያ ዓይኑን ሊታይ ክሊኒክ ሄደ። ሲሄድ ዶሮዎቹን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ዘበኛ ቁልፍ ለማንም አይሰጥም፤ ለሚስቱም ቢሆን። እዚያ ሰልፉ አያልቅም፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሲመለስ ሚስቱን ጓሮ አገኛት። ጣሪያው ላይ በጆግ ውሃ ትደፋለች፤ ቆርቆሮው ጭስ ጭስ ይላል። ጓጉንቸሩን በድንጋይ ስትደበድበው ጣቷ ደምቷል።

"ቅድም ይንጫጩ ነበር" አለች። "አሁን ዝም ብለዋል።"

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተው። ትኩስ ሽታ ፊቱን መታው። ሁለቱ ሞተዋል። ሁለቱ ምንቃራቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ።

"ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ብዬ ነው እኮ..."

"ሸለምጥማጡስ ርቦት ነው" አለች።

ሰው ሰድቦት ያውቃል፣ አለቃ ጮኾበት ያውቃል፤ እንደዚህ ግን ማንም አልመታውም። የቆርቆሮ መቀስ አምጥቶ ቆርቆሮውን መቅደድ ጀመረ። አናጢው ድምፁን ሰምቶ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ የሽቦ ጥቅልል ይዞ መጣና ዘረጋ። "ብዬህ ነበር" እንኳን አላለም፤ ቢል ይሻል ነበር።

ሚስቱ ሁለቱን ዶሮዎች ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ውሃ ታንጠባጥብላቸዋለች። አንዷ ትውጣለች። የሌላዋ ግን ውሃው ከምንቃሯ ዳር ይፈስሳል። ጋሽ ማነህ ጎንበስ ብሎ አያቸው። እንደገና ገብታ ትተኛ እንደሆነ ሊጠይቃት ፈለገ።

ቀና ብላ እንኳ አላየችው።

"ዘወር በል" አለችው። "ንፋሱን ከለከልካቸው።"

ዘወር አለ።