አቤት ባዩ አጎቴ

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማንበብ አይችልም ነበር። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ማታ ከፋብሪካ ሲወጣ ድሬ ዳዋ ቤቱ ደጃፍ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ለውይይት ክበባችን ከዩኒቨርሲቲ የሚላከውን የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ መጽሔት አነብለታለሁ። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው ላይ በደረስኩ ቁጥር፣ ስሙ እንደተጠራ ሰው «አቤት» ይላል።

«አቦ ጋሼ፣ አታቋርጠኝ።»

«ሲጠሩኝ ዝም ልበል እንዴ?»

አንድ ቀን ለመጽሔቱ ጥያቄ አስጻፈኝ፦ «ፋብሪካው የኛ ከሆነ አለቃው የማን ነው?» አዘጋጆቹ «ደረጃውን ያልጠበቀ» ብለው መለሱት። ቆይቶ ዋና አዘጋጁ ተቀየረና «የሰፊው ሕዝብ ዓምድ» የሚባል አዲስ ነገር ሊከፈት ነው ተባለ። መልሰን ላክነው። አጎቴ «አሁንስ ያወጡታል» እንዳለ ሞተ።

ዓምዱ የወጣው ከአርባው በኋላ ነው። ገጹን የሞላው አንድ የዩኒቨርሲቲ ዶክተር ነው፤ ሰፊው ሕዝብ እሱ ሆኖ አረፈው። የአጎቴ ጥያቄ የለም። ንዴቴ አላስቀምጥ ቢለኝ ኒሙ ሥር ሄጄ ለአጎቴ ባዶ በርጩማ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ቆም አልኩ። ጠሪው ሞልቷል፤ አቤት የሚለው ግን ሄዷል።