ያጨበጨብኩለት እግድ

ተጠያቂው ሚፍታ ነው። የማዘጋጃ ቤታችን የሥራ ሂደት አስተባባሪ ሚፍታ። ሌላ ሰው አልጠራም። ይህን ካነበበም ስሙን አሳስቼ እንዳልጻፍኩት ይወቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ሙደሲር በእኔና በእሱ ግቢ መካከል ያለችውን ቦይ ደፍኖ የብሎኬት ግንብ ሊያቆም መሠረት ቆፈረ። የግቢዬ የዝናብ ውሃ የሚወጣው በዚያች ቦይ ብቻ ነው። ከተዘጋች ውሃው ተመልሶ ጓሮዬ ይገባል። ጓሮዬ ውስጥ ደግሞ የቆጮ ጉድጓዴ አለ... ባሌ ከሞተ ወዲህ ቡታጅራ ገበያ አውጥቼ እየሸጥኩ የኖርኩበት።

ሽማግሌ ብልክበት «ከፈለገች መንግሥት ያግደኝ» አለ። እኔም ወደ መንግሥት ሄድኩ።

ማዘጋጃ ቤት ያኔ ግርግር ላይ ነበር። ቢፒአር ያሉት የአሠራር ለውጥ አልፎ ሌላ መጥቷል። ፋይል ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ቀረ፤ ጉዳዩ ራሱ በኮምፒውተር ከመሬት አስተዳደር ወደ መሐንዲስ፣ ከመሐንዲስ ወደ ደንብ ማስከበር ይሄዳል፤ ሠራተኞቹም እዚያው ላይ እየተጻጻፉ ይመካከራሉ አሉን። ሚፍታ አቤቱታዬን ሲቀበል በጣቴ ሳይሆን በስሜ መፈረሜን አየና ፊቱ በራ።

«እትዬ ራህማ፣ ፊደል የት ቆጠሩ?»

«የጎልማሶች ትምህርት ቤት። የልጅ ልጆቼ ቀድመውኝ ነው።»

«በቃ! ሐሙስ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። የአዲሱ ሲስተም ምርቃት ላይ የእርስዎን ጉዳይ ነው የምናስኬደው። እዚያው ያልቃል።»

እዚያው ያልቃል አለኝ። ወላሂ ቃሉ ይሄ ነበር።

ሐሙስ የዒድ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። በተወጠረው ነጭ ሸራ ላይ ስሜ በትልቁ ወጥቷል፤ ራሴ አነበብኩት። ሚፍታ ማይክ ይዞ «አሁን ጉዳዩ መሐንዲሱ ጋ ደረሰ» ሲል፣ መሐንዲሱ ከፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ላፕቶፑን ጠቅ አደረገ። ሸራው ላይ ከስሜ ጎን ያለው ቢጫ ምልክት አረንጓዴ ሆነ። «ደንብ ማስከበር!» ጠቅ። አረንጓዴ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ወደ ሚፍታ ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ መሐንዲሱ ቦዬን መቼ መጥቶ አየው?» አልኩት።

ማይኩን በእጁ ሸፈነና «እማማ፣ አሁን ያጨብጭቡ» አለኝ።

አጨበጨብኩ። ፎቶ አነሱኝ። እግዱ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት ተሰጠኝ። ጮክ ብዬ እንዳነበው ማይኩን አቀበሉኝ... «ግንባታው ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆም» የሚለውን ሁለቴ አነበብኩት። ከእንግዶቹ አንዷ ተነሥታ አቀፈችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ የሙደሲር ግንበኞች ዘንድ ቆምኩ። አነበብኩላቸው። ሥራቸውን አቆሙ። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልነግራችሁም።

ሙደሲር አልተቆጣም። ስልኩን አውጥቶ አንድ ቦታ ደወለ። «እሺ... እሺ...» አለና ሳቀ።

«ራህማ፣ ይሄ እኮ ለእንግዶቹ ማሳያ ነው። ሙከራ ነው አሉኝ።» ወደ ግንበኞቹ ዞረ። «በሉ ቀጥሉ!»

እንደቆምኩ ቀጠሉ። በቀጥታ ወደ ሚፍታ ሄድኩ።

«ሙከራ ነው ወይ?»

«የሐሙሱ... አዎ። መሐንዲስ ቦታውን ሳያይ እግድ አይጸናማ።»

«እንግዲያው የእውነቱን ጀምርልኝ።»

ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። «አልቀበል አለኝ። በዚህ ጉዳይ አገልግሎት አግኝተዋል ይላል።»

«ምን አገኘሁ?»

«እግድ።»

«እግዱ ሙከራ ነው አላልክም?»

«ሙከራ ነው። ሲስተሙ ላይ ግን ተፈጽሟል።»

«ሰርዘዋ!»

«እትዬ ራህማ፣ የመጀመሪያው ያለቀ ጉዳይ ተብሎ ሪፖርቱ ዞን ሄዷል። አሁን ብከፍተው ቀይ ይሆናል። ቀይ ከሆነ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ይረዱኝ እንጂ!»

እኔ ልረዳው! በወረቀት ላመልክት ብል ወረቀት ቀርቷል አሉኝ። መሐንዲሱ ጋ ብገባ ስክሪኑን አዙሮ «ይኸው፣ እኔ ጋ የቀረ ሥራ የለም» አለኝ። ይመካከሩበታል የተባለውን ቦታ ከስሜ ሥር አየሁት። ሁሉም ጽፈዋል። «እንኳን ደስ አለን!» «ብራቮ ቲም!» «እማማ ምርጥ ነበሩ!» አንዱን ሳላስቀር አነበብኩ። ስለ ቦዬ የጻፈ አንድም ሰው የለም።

ግንቡ ቆመ። ሐምሌም ገባ።

ትናንት ጠዋት የጉድጓዴን ክዳን ኮባ ስገልጥ ውሃ ቆሞበታል። እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ቆጮውን ዘገንኩት... ጭቃ። እንኳን ሊሸጥ ለከብት አይሰጥም። እዚያው ጓሮዬ ላይ እያወጣሁ ደፋሁት።

እጄን እንኳ በደንብ ሳልታጠብ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። መግቢያው ላይ ፎቶዬን ከበሩ አስበልጠው ሰቅለውታል። አጨበጭባለሁ፣ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ከሥሩ «የረካች ተገልጋይ» ይላል።

ጥበቃው አንዴ እኔን፣ አንዴ ፎቶውን አየና «እማማ፣ እርስዎ ኖት እንዴ? ያምራሉ!» አለኝ።

«ሚፍታ አለ?»

«የለም። ምርጥ ተሞክሮ ሊያካፍል ወልቂጤ ሄዷል።»

የግድግዳዋ ራህማ እስኪበቃት ታጨብጭብ። እኔ ግን ከእንግዲህ ለማንም አላጨበጭብም።