የሃሴት ፍሬቻ

ጋሽ መልከጸዴቅ ሃያ ዓመት ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ሌክ ሲቲ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከአፓርታማችን ሥር ባለው ፓርኪንግ፣ የሰፈሩን መኪና መብራት ይጠግናሉ። ሽቦ አይበግራቸውም። ልጃቸው ሃሴት ግን ትበግራቸዋለች። ሊንውድ ነው የምትኖረው፣ ቅርብ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ደጃቸውን አልረገጠችም። እንደናፈቀቻቸው እያየሁ «ይደውሉላት» ብላቸው «ሥራ ላይ ትሆናለች» ይሉኛል። እሑድም ሥራ ላይ ናት!

በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ራሷ ደወለች። የፍሬቻዋን አምፖሎች በኤልኢዲ ስለቀየረች፣ ፍሬቻው አሁን እንደ እብድ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል። ምክንያቱን በስልክ ሊነግሯት ይችሉ ነበር። «ሳላየው አይሆንም፣ አምጪው» አሉ።

የዚያኑ ቀን ማታ መኪናዋን ስታመጣ እኔ የእጅ ባትሪ ያዝኩላቸው።

«ኤልኢዲ ብዙ ኤሌክትሪክ አይበላም» አሏት። «መኪናሽ የለመደው የድሮውን በላተኛ አምፖል ነው። የሚበላለት ሲያጣ አምፖሉ የተቃጠለ ይመስለዋል። በየጎኑ አንድ ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክ የሚበላ ትንሽ ዕቃ፣ ስንጨምር ይረጋጋል።»

ሬዚስተሩ ስለሚግል ከፕላስቲክ አርቀው ብረት ላይ አሰሩት። የሃያ ደቂቃውን ሥራ አንድ ሰዓት ጎተቱት፤ ስለ ምግቧ፣ ስለ ጎማዋ፣ ስለ ሹራቧ ሁሉ ጠየቋት። ግራው ፍሬቻ ሲስተካከል እጃቸውን ጠረጉ።

«ቀኙን የሚመጣው ቅዳሜ እንሠራዋለን። ሬዚስተር አልቆብኛል።»

ባትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ጠዋት እንደደወለች ሁለት የገዛሁላቸው እኔ ነኝ።

«አባዬ፣ ኪስህ ውስጥ አለ እኮ» አለች ሃሴት። «ሶ፣ ዝም ብለህ ነይ አትለኝም? አንድ ቀን ኮል አድርገህልኝ ታውቃለህ? የማትፈልገኝ ነው የሚመስለኝ።»

አፈሩ። አንገታቸውን ደፍተው ቀኙን በአሥር ደቂቃ ጨረሱት። እሷም ጉንጫቸውን ስማ፣ ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ እሳቸው ዕቃቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

«ቅዳሜም ነይ» አሉ፣ መኪናዋ ከታጠፈች በኋላ።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሷ ይንገሯት እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

ስልካቸውን አወጡ። ቁጥሯን ነኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው።